ጌት ጋብቻን ይፈታል፣ ፊርማን ግን አይፈታም

በጋብቻ፣ በፍቺና በኪሳራ ጊዜ ዕዳው የማን ነው?

ደብዳቤው የመጣው ጌት ከተቀበለች ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር። ፖስተኛው አስፈርሞ ሰጣትና ሄደ። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ስለሆነ ማንበብ አልቻለችም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ልጇ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ጠበቀች። ልጁ ደብዳቤውን አነበበና ጥቂት ዝም አለ።

"እማዬ፣ ይህ ከሆጻአ ለፖዓል የመጣ ነው። የባንኩን 40 ሺህ ሸቅል አንቺ ክፈይ ይላል" አላት።

"እኔ እኮ ከአባትህ ጋር ተለያይቻለሁ! ጌቱም በእጄ ነው" አለች። ልጁ የሚመልሰው አላገኘም።

ይህ ታሪክ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ የአንዲትን እናት ስምና አድራሻ ይዞ የተጻፈ አይደለም። ሆኖም ከአንባቢዎቻችን መካከል "ይህስ በእኔም ደርሷል" የሚል ሰው እንደማይታጣ እናምናለን። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ባል የተበደረውን ሚስት፣ ሚስት የተበደረችውን ባል ይከፍላልን? ከተፋቱ በኋላስ? ከሁለቱ አንዱ ከሥሮ በሕግ ከዕዳው ነፃ ቢባል፣ ሌላው ምን ይሆናል? አዲስ የገባችሁ ወገኖቻችን እነዚህን ነገሮች ከመፈረማችሁ በፊት ብታውቁት ብዙ እንቅልፍ ከማጣት ያድናችኋል።

አበዳሪው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲቀመጥ

በጎንደርም ሆነ በትግራይ፣ በየመንደራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎች ይቀመጡ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ነገሩ ካልበረደና መለያየት ግድ ከሆነ ከብቱ፣ እህሉና የቤቱ ዕቃ ይካፈላል። ዕዳ ካለም እዚያው ይነሣል። አበዳሪው ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለሆነ ነገሩ ሲነገር ይሰማል፤ "ይህንን እርሱ ይክፈል፣ ያንን እርሷ ትክፈል" ሲባልም እሺ ይላል ወይም ይከራከራል። ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ዕዳው ባለቤቱን አግኝቷል ማለት ነው።

እዚህ አገር ግን ባልና ሚስት በቤት ዲን ወይም በቤተሰብ ፍርድ ቤት ሲለያዩ አበዳሪው በክፍሉ ውስጥ የለም። ባንኩ አልተጠራም፤ አልሰማም፤ እሺም አላለም። ስለዚህ ባልና ሚስት በመካከላቸው የተስማሙበት ነገር እርሱን አያስረውም። በዚህ ጽሑፍ ከምንዘረዝረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህንን ያዙ፦ ጌት ጋብቻን ይፈታል፤ በባንክ ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማ ግን አይፈታም።

ሕጉ ምን ይላል?

በእስራኤል በዚህ ጉዳይ ዋናው ሕግ በ1973 የወጣው የባልና ሚስት የንብረት ግንኙነት ሕግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1974 ጀምሮ የተጋቡትን ይመለከታል። አራተኛው አንቀጽ በግልጽ እንደሚያስረዳው፣ ጋብቻ በራሱ አንደኛውን የሌላው ንብረት ባለቤት አያደርገውም፤ ለሌላው ዕዳም ተጠያቂ አያደርገውም።

ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና ነው። ባል በስሙ ብቻ ተበድሮ ለብቻው ከፈረመ፣ አበዳሪው ወደ ሚስቱ መጥቶ "ሚስቱ ስለሆንሽ ክፈይ" ሊላት አይችልም። ሚስት ለብቻዋ ፈርማ በክፍያ ዕቃ ብትገዛም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በስልክ ሲቀርብላችሁ ወዲያውኑ "እሺ፣ እከፍላለሁ" አትበሉ። መጀመሪያ "ፊርማዬ የት አለ? ወረቀቱን አሳዩኝ" በሉ።

ታዲያ ያቺ እናት ደብዳቤው ለምን መጣባት? መልሱ አጭር ነው። ስለተጋባች ሳይሆን ስለፈረመች ነው። የአንዱ ዕዳ ወደ ሌላው የሚገባባቸው ሦስት ሰፋፊ በሮች አሉ።

አንደኛው በር፦ የጋራ የባንክ ሒሳብ

አዲስ የገባ ቤተሰብ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ሳል ክሊጣ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ባልና ሚስት አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ይቀርብላቸዋል፤ "እዚህ ፈርሙ፣ እዚህም ፈርሙ" ይባላሉ። በዚያ ወረቀት ውስጥ ብዙውን ጊዜ "ቤያሐድ ኡልኁድ" የሚሉ ሁለት ቃላት ይገኛሉ። ትርጉሙ "በአንድነትም በተናጠልም" ማለት ነው።

የእነዚህ ቃላት ክብደት በምሳሌ ይታይ። ሒሳቡ 40 ሺህ ሸቅል ሚኑስ ውስጥ ገባ እንበል። ብዙ ሰው "ግማሹ 20 ሺህ የእኔ፣ ግማሹ የእርሱ" ብሎ ያስባል። ለባንኩ ግን እንዲህ አይደለም። ባንኩ 40ውን ሺህ በሙሉ ከባል፣ ወይም በሙሉ ከሚስት፣ ወይም ከሁለቱም ሊጠይቅ ይችላል። በአብዛኛው የሚጠይቀውም ቋሚ ደመወዝ ያለውን፣ በቀላሉ የሚገኘውን ነው። ሙሉውን የከፈለው ሰው ከትርፍ ድርሻው በላይ የከፈለውን ከሌላው ሊጠይቅ መብት አለው፤ ያ ግን በሁለቱ መካከል የሚቀር ሌላ ክርክር ነው።

ገንዘቡን ማን እንዳወጣውም ለባንኩ ለውጥ የለውም። ሚስት ካርዱን ነክታው ባታውቅ፣ ባል ሚኑሱን ያደረገው ከቤት ወጥቶ በሌላ ከተማ እየኖረ ቢሆንም፣ ሒሳቡ የጋራ እስከሆነ ድረስ ዕዳው የጋራ ነው።

የቼክም ነገር እንዲሁ ነው። በ1981 በወጣው ስለ ሽፋን የለሽ ቼኮች ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ሒሳብ 10 ቼኮች ገንዘብ በማጣት ከተመለሱ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከልም ቢያንስ 15 ቀን ካለ፣ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት "ሙግባል" ማለትም የታገደ ይሆናል። ሒሳቡ የጋራ ሲሆን እገዳው በተለመደው ሁኔታ ሁለቱንም ይይዛል። ቼኩን የጻፈው ባል ብቻ ቢሆንም ሚስት ከዚያ ሒሳብ ቼክ መጻፍም ሆነ አዲስ የቼክ ሒሳብ መክፈት አትችልም። እንዲህ የደረሰበት ሰው በጊዜው ለሰላም ፍርድ ቤት (ቤት ሚሽፓት ሀሻሎም) ማመልከትና እገዳው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው በር፦ ዋስትና

ዋስ መሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ዋስ የሚሆን ሰው የተከበረ ሰው ነው፤ እምቢ ማለትም ነውር ነበር። እዚህ ዓሬቭ የሚባለው ግን ክብር ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ነው። ባለዕዳው ካልከፈለ ይከፍላል።

በ1967 የወጣው የዋስትና ሕግ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ ለተራ ሰው ዋስ ጥበቃ አድርጓል። ለምሳሌ አበዳሪው ለዋሱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ መግለጽ አለበት፤ የተጠበቀ ዋስ ከሆነም በመጀመሪያ ራሱን ተበዳሪውን መከታተል ይኖርበታል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ይኸው ሕግ የተበዳሪውን ባል ወይም ሚስት ከዚህ ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ጎረቤት ዋስ ሲሆን የሚያገኘውን ጋሻ ሚስት ለባልዋ ዋስ ስትሆን አታገኘውም። ባል መኪና ወይም ሱቅ ሊከፍት ብሎ "ፊርማሽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው" ቢል፣ ያ "ብቻ" የተባለው ነገር ሙሉው ዕዳ ሊሆን ይችላል።

"ዕብራይስጥ አላውቅም ነበር፤ የፈረምኩት ሳይገባኝ ነው" ማለትስ ይረዳል? ፍርድ ቤቶች በመሠረቱ የፈረመ ሰው የፈረመውን እንዳወቀ ይቆጥሩታል። ባንክ ደንበኛውን ማሳሳት የተከለከለ ስለሆነና የማስረዳት ግዴታም ስላለበት አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ ሊሰማ ይችላል፤ ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ገንዘብና ዓመታትም ይወስዳል። ስለዚህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ሁሉ፣ ያልተተረጎመላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። "ወደ ቤት ወስጄ ላስነብብ" ማለት መብታችሁ ነው።

ሦስተኛው በር፦ ማሽካንታ

ቤት የገዙ ባልና ሚስት ማሽካንታውን በአብዛኛው ሁለቱም ይፈርማሉ፤ እዚያም "ቤያሐድ ኡልኁድ" የሚለው ቃል አለ። ሲለያዩ ሚስትና ልጆች በቤቱ ይቀራሉ፤ ባል ኪራይ ይፈልጋል። በስምምነቱ "ማሽካንታውን እርሱ ይከፍላል" ተብሎ ይጻፋል። ጥቂት ወራት ይከፍልና ያቆማል። ያን ጊዜ ባንኩ የፍቺውን ወረቀት አያነብም፤ የማሽካንታውን ውል ብቻ ያነባል። ክፍያው ከተቋረጠ ቤቱን ወደ መሸጥ ሊሄድ ይችላል፤ የሁለቱም ስም እየተጠራ ነው።

ስለዚህ በፍቺ ጊዜ በማሽካንታ ላይ እውነተኛ መፍትሔ የሚሆኑት ጥቂት መንገዶች ናቸው። ቤቱን ሸጦ ባንኩን ከፍሎ የተረፈውን መካፈል፤ ወይም አንደኛው የሌላውን ድርሻ ገዝቶ ባንኩ ብድሩን በእርሱ ስም ብቻ እንዲያዞረው ማድረግ። ለሁለተኛው መንገድ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባንኩም የሚቀረው ሰው ደመወዝ ለክፍያው ይበቃ እንደሆነ ይመረምራል። "ስምህ ወጥቷል" ወይም "ስምሽ ወጥቷል" የሚል የባንክ ደብዳቤ በእጅ እስካልገባ ድረስ ስም አልወጣም።

በሁለቱ መካከል ዕዳ እንዴት ይከፈላል?

እስከ አሁን ያየነው በባንኩና በቤተሰቡ መካከል ያለውን ነው። በባልና በሚስት መካከል ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ። የ1973ቱ ሕግ "ኢዙን ማሽአቢም" ይለዋል፤ የሀብት ማመጣጠን ማለት ነው። ሲለያዩ በጋብቻው ዘመን የተገኘው ሀብት፣ ጡረታና የሥራ ማቋረጫ ገንዘብ ጭምር፣ ዋጋው ይቆጠርና ለሁለቱ እኩል ይደርሳል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ በጋብቻ ዘመን በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ፣ ከቢቱኣሕ ለኡሚ የሚከፈል አበልና ለአካል ጉዳት የተሰጠ ካሣ በቁጥሩ አይገቡም። ከሀብቱ ላይ ዕዳው ይቀነሳል። ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች፣ ለምግብ፣ ለሠርግ የተገባ ዕዳ በሁለቱ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ነው። አንዱ ለቁማር ወይም ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ የግሉ ጉዳይ የተበደረውን ግን ሌላው "ይህ የእኔ አይደለም" ብሎ መከራከር ይችላል። ማስረዳቱ ግን የእርሱ ፋንታ ስለሆነ ደረሰኝና የባንክ ዝርዝር መያዝ ይጠቅማል።

በ2008 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ይህንን ክፍፍል ለማግኘት ጌት እስኪሰጥ መጠበቅ ግድ አልሆነም። መለያየቱ ለተወሰነ ጊዜ ከቆየ ፍርድ ቤት አስቀድሞ ሊያካፍል ይችላል። ጌት በመከልከል ንብረት ለመያዝ ለሚሞክር ሰው ይህ ትልቅ መልስ ነው።

ከ1974 በፊት የተጋቡ አባቶችና እናቶች ጉዳይ የሚታየው ፍርድ ቤቶች በውሳኔዎቻቸው ባቋቋሙት የጋራነት መርሕ ነው። በዚያም መሠረት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በሀብቱም በዕዳውም እኩል ተካፋዮች እንደሆኑ ይገመታል።

በኢትዮጵያ የተጋቡትን በሚመለከት አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ሕጉ የባልና የሚስትን የንብረት ግንኙነት የሚወስነው በጋብቻቸው ጊዜ ይኖሩበት የነበረው አገር ሕግ ነው ይላል፤ ሆኖም በስምምነት ሊለውጡት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባን ዕዳ የሁለቱም ዕዳ አድርጎ ያያል። ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ የት፣ መቼና እንዴት እንደተጋባችሁ መጀመሪያ ንገሩት።

ስምምነቱ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር

የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ ጉዳይ በእስራኤል የሚታየው በቤት ዲን ራባኒ ነው፤ ይህም በ1953 በወጣው ሕግ የተደነገገ ነው። የንብረት፣ የልጆችና የቀለብ ጉዳይ ግን በ1995 በወጣው ሕግ በተቋቋመው የቤተሰብ ፍርድ ቤትም ሊታይ ይችላል። ከ2016 ጀምሮ ክስ ከመክፈት በፊት "ባቃሻ ለዪሹቭ ሲክሱክ" የሚባል ማመልከቻ ማቅረብ ግዴታ ሆኗል። ባልና ሚስቱ ወደ የሒዳት ሲዩዓ ተጠርተው እስከ አራት ጊዜ ያለ ክፍያ ከባለሙያ ጋር ይነጋገራሉ። የዕዳውን ዝርዝር ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ቦታ ከሽማግሌዎቻችን ጉባኤ ብዙም አይርቅም።

የፍቺ ስምምነት፣ ሄስኬም ጌሩሺን፣ በፍርድ ቤት ወይም በቤት ዲን ከጸደቀ በሁለቱ መካከል እንደ ፍርድ ይጸናል። ግን ሥራው እዚያ አያልቅም። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመዝገብ ቁጥር 189/95 የወሰነው ጉዳይ ይህንን ያሳያል። በፍቺ ስምምነት ባል የቤቱን ግማሽ ለሚስቱ ለመስጠት ተስማምቶ ነበር፤ ዝውውሩ ግን በታቡ አልተመዘገበም። ከዚያ በኋላ አንድ ባንክ በባልየው ዕዳ ምክንያት ግማሹን ቤት አስያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚስቲቱ መብት ከባንኩ ይቀድማል ብሎ ፈረደ። ሚስቲቱ አሸነፈች፤ ነገር ግን እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ነበረባት። ስምምነቱ እንደተፈረመ በታቡ "ሄዓራት አዝሀራ" ማስመዝገብ ከዚህ ሁሉ ድካም ያሳርፋል።

የአርኖናም ነገር አይዘንጋ። ከቤቱ የወጣ ሰው መውጣቱን ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ካላሳወቀ አርኖናው በስሙ መቆጠሩን ይቀጥላል። ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለቤት ኪራይ ውልም እንዲሁ ስማችሁን አስለውጡ።

ከሆጻአ ለፖዓል ደብዳቤ ሲመጣ

"አዝሀራ" የሚባለው ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ትልቁ ስሕተት መሳቢያ ውስጥ መጣል ነው። በላዩ ላይ የተጻፈ የቀን ገደብ አለ። በቼክ ወይም በተወሰነ ገንዘብ ጥያቄ የተከፈተ ከሆነ በዚያ ገደብ ውስጥ "ሂትናግዱት"፣ ማለትም መቃወሚያ ማቅረብ ይቻላል። ገደቡ ካለፈ ባለገንዘቡ ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብና መኪና ማስያዝ፣ ከአገር እንዳትወጡም ማሳገድ ይችላል። ኢትዮጵያ ያሉ ወላጆቻቸውን ለማየት ትኬት ቆርጠው አየር ማረፊያ ላይ መታገዳቸውን መስማት ለማንም ከባድ ነው።

ሆኖም ሁሉም ነገር አይወሰድም። በ1958ቱ የደመወዝ ጥበቃ ሕግ መሠረት ከደመወዝ ውስጥ እንደ ቤተሰቡ ብዛት የማይነካ ክፍል አለ። ከቢቱኣሕ ለኡሚ የሚመጣ አበልም፣ የልጆች አበል ጭምር፣ በመሠረቱ አይያዝም፤ ባንክ ከገባ በኋላም ለ30 ቀን ጥበቃ አለው። ለልጆች ቀለብ ሲሆን ግን እነዚህ ጥበቃዎች ይላላሉ።

አንዱ ሲከሥር

ዕዳው ከአቅም በላይ የሆነበት ሰው በሕዝብ አነጋገር "ፕሺታት ሬገል" የሚባለውን መንገድ ይጠይቃል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የ1980 ድንጋጌ ተሽሮ፣ በ2018 የወጣው የሐድሉት ፔራዖንና የኢኮኖሚ ማቋቋሚያ ሕግ ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ተተክቷል። ዕዳው በሕጉ ከተወሰነው መጠን በታች ከሆነ (መጠኑ በየጊዜው ይስተካከላል) ማመልከቻው በሆጻአ ለፖዓል ይታያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ላለው "ሀሜሙኔ" ይቀርባል። ትእዛዝ ሲሰጥ የአበዳሪዎች ማሳደድ ይቆማል፤ የሰውየው ገቢና ንብረት ለአንድ ዓመት ያህል ይመረመራል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት በአብዛኛው ለሦስት ዓመት የሚከፈል ወርሐዊ መጠን ይወስናል። ይህንን በቅንነት የፈጸመ ሰው "ሄፍቴር" ያገኛል፤ ከቀረው ዕዳ ነፃ ይባላል።

ለብዙ የወደቁ ሰዎች ይህ እንደገና መቆሚያ ነው። ለባልና ለሚስት ግን አራት ነገሮች መታወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ሄፍቴር የሚሰጠው ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ባል ነፃ ቢባል አብራ የፈረመችው ወይም ዋስ የሆነችው ሚስት ነፃ አልወጣችም። እንዲያውም አበዳሪው ከባል ዘንድ በሩ ስለተዘጋበት ፊቱን ወደ እርሷ ያዞራል። መግቢያችን ላይ ያነሣናት እናት የደረሰባት ይኸው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ባለዕዳዎች ከሆኑ እያንዳንዳቸው ማመልከት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ሚስት ምንም ዕዳ ባይኖርባትም የቤተሰቡ ገቢ ይጠየቃል። ወርሐዊው ክፍያ ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የቤቱን ወጪና አብሮ የሚኖረውን ሰው ደመወዝ ያያል። ይህ ማለት ግን ዕዳው የእርሷ ሆነ ማለት አይደለም። ቤታቸው የጋራ ከሆነም ነኤማን የሚባለው ባለአደራ የባለዕዳውን ድርሻ ለመሸጥ ሊጠይቅ ይችላል፤ የእርሷ ድርሻ ዋጋ ግን የእርሷ ነው።

ሦስተኛ፣ የልጆች ቀለብ (መዞኖት) ዕዳ እንደ ሌላው ዕዳ በቀላሉ አይሰረዝም። አባት "ከሥሬአለሁ" ብሎ ከልጆቹ አያመልጥም። በ1972 በወጣው ሕግ መሠረት ቀለብ የተፈረደላት እናት ክፍያ ሲቋረጥባት፣ ሁኔታዋ በሕጉ የሚገባ ከሆነ፣ ቢቱኣሕ ለኡሚ ይከፍላትና ከአባትየው ራሱ ይሰበስባል።

አራተኛ፣ "በወረቀት ብቻ እንፋታና ቤቱን በአንቺ ስም እናድርገው፤ አበዳሪዎች ምንም አያገኙም" የሚል ምክር ከተሰማችሁ ሽሹት። ጌት የይምሰል የለውም፤ ከተሰጠ ተሰጠ። ከኪሳራ በፊት ለዘመድ ያለ ዋጋ የተላለፈ ንብረትንም ፍርድ ቤቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ሊሽረው ይችላል። ከዚህም በላይ ሕጉ ቅንነትን ስለሚጠይቅ ንብረት የደበቀ ሰው ሄፍቴሩን ራሱን ሊያጣ ይችላል። ትዳሩንም ቤቱንም አጥቶ ዕዳው ግን ይቀርለታል።

ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚከተሉትን አስታውሱ።

ከጋብቻ በፊት፦ አንዳችሁ ሱቅ ወይም ድርጅት ካላችሁ "ሄስኬም ማሞን" ማድረግን አስቡ። ነውር አይደለም። በጽሑፍ ሆኖ ከጋብቻ በፊት በኖታሪ ወይም በጋብቻ መዝጋቢ፣ ከጋብቻ በኋላ በፍርድ ቤት ወይም በቤት ዲን መጽደቅ አለበት።

በትዳር ሳላችሁ፦ ሁለታችሁም በየወሩ የባንኩን ዝርዝር እዩ። "እርሱ ያውቃል" ወይም "እርሷ ታውቃለች" ብሎ መተው ኋላ ያስለቅሳል። የፈረማችሁትን ሁሉ ቅጂ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ።

መለያየት ሲጀመር፦ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባንኩ በጽሑፍ "ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሁለታችን ፊርማ ከጋራ ሒሳባችን ገንዘብ አይውጣ" ብላችሁ አሳውቁ። የተቀበሉበትን ማኅተም ያዙ። ያለፈውን ዕዳ አይሰርዝም፤ የሚመጣውን ግን ይገታል። የክሬዲት ካርዶቹን ሰርዙ። ደመወዛችሁና የልጆች አበል በስማችሁ ብቻ ወደ ተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ አድርጉ።

ስምምነት ስትፈርሙ፦ ዕዳዎችን አንድ በአንድ፣ በባንክ፣ በመጠንና በሚከፍለው ሰው ስም አስዘርዝሩ። "ካልከፈለና እኔ ከከፈልኩ ይመልስልኛል" የሚል ቃልም ይግባበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጌቱ በፊት የጋራውን ሒሳብ ከፍሎ መዝጋት ነው።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው "ሲዩዓ ሚሽፓቲ" ማመልከት ይችላል፤ በኢየሩሳሌም፣ በቴል አቪቭ፣ በሐይፋ፣ በበኤር ሼባዕና በናዝሬት ቢሮዎች አሉት፤ የቤተሰብም የኪሳራም ጉዳይ ይይዛል። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው "ጠበቃ" የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ የመጡ እስራኤላውያንን በሕግ ጉዳይ ይረዳል። "ፓዓሞኒም" የተባለው ማኅበርም የቤተሰብን ገቢና ወጪ ለማስተካከል በፈቃደኞች ያግዛል።

ወደ መጀመሪያዋ እናት እንመለስ። ደብዳቤውን ይዛ ወደ ሕግ አማካሪ በጊዜው ከሄደች ብዙ ነገር ይከፈትላታል። የፈረመችው የቱን ወረቀት ነው? መቃወሚያ ማቅረቢያው ቀን አላለፈም? ከደመወዟ የማይነካው ምን ያህል ነው? በፍቺ ስምምነቷ መሠረት ከቀድሞ ባልዋ ምን ልታስመልስ ትችላለች? ይህ ሁሉ ጥያቄ መልስ አለው።

ልጇ ግን ደብዳቤውን ሲያነብላት ያየው የእናቱን ፊት ነው። ልጆቻችን የቤታችን አስተርጓሚዎች ሆነዋል፤ የዕዳችንንም ዜና በመጀመሪያ የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ነው ከመፈረም በፊት መጠየቅ የሚገባው። በአገራችን አበዳሪው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ እዚህ ግን ካልነገርነው አይሰማም። እንንገረው፤ በጽሑፍ፣ በጊዜውና ማኅተም ባለበት ወረቀት።